የቆሻሻ መለያው ማሽን ለማን ይሠራል?

ብልህ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት በውሉ ላይ ሊሰፍር ስለሚገባው

ፍሬ ነገሩ

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚመራ የቆሻሻ መለያ መሣሪያ በቆሻሻ ለተጨነቁ ከተሞች እንደ ፈጣን መፍትሔ እየቀረበ ነው። ይህ ጽሑፍ መሣሪያውን አይነቅፍም። የሚነቅፈው የግዢውን ልማድ ነው፤ መሣሪያው ምን እንዲያወጣና ምን እንዲያሳልፍ የሚወስኑት ቁጥሮች በሻጩና በአንቀሳቃሹ መካከል በዝግ ተወስነው፣ ከተማው ዕዳውን፣ እስከ ዛሬ ቆሻሻውን በእጁ ሲለይ የኖረው ሰው ደግሞ ሥራ ማጣቱን የሚረከብበትን ልማድ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የቴክኒክ ዝርዝር ተብለው የሚታለፉ ነገሮች አይደሉም። የከተማን ሀብት የሚያከፋፍሉ በመሆናቸው ፖሊሲ ናቸው፤ በአደባባይም ሊወሰኑ ይገባል። ጉዳዩ ከሁሉ በላይ የሚመለከተው አዲስ አበባን ነው።

ማሽኑ የሚያየውና የማያየው

የኢንዱስትሪ ደረጃ የቆሻሻ መለያ መስመር በመሠረቱ ተከታታይ ወንፊት ነው። በመጀመሪያ የሚሽከረከር ትልቅ ወንፊት አፈሩንና ደቃቁን ያራግፋል። ማግኔት ብረቱን ይስባል፤ በፍጥነት የሚለዋወጥ የመግነጢስ መስክ ደግሞ አሉሚኒየሙን ከማጓጓዣው ቀበቶ ላይ አሽቀንጥሮ ይጥላል። የቀረው በጠንካራ መብራት ሥር ያልፋል። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ዓይነት የኢንፍራሬድ ጨረርን የሚመልስበት የራሱ መልክ ስላለው ሴንሰሩ የውኃ ጠርሙሱን ከጀሪካኑ ይለያል፤ በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥም የታመቀ አየር ተተኩሶ የተመረጠውን ዕቃ ወደ ሌላ መውረጃ ይገፋዋል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ላይ ካሜራና የሮቦት ክንድ ተጨምሯል። ክንዱን የሚመራው ሶፍትዌር እጅግ ብዙ ፎቶግራፎችን በማየት የተማረ ነው።

ብልህ ቁጥጥር የሚባለው እነዚህን ክፍሎች ሁሉ የሚያስተሳስረው አእምሮ ነው። በቀበቶው ላይ ያለው ቆሻሻ ሲወፍር ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲሳሳ ይጨምራል፤ የትኛው የአየር ቀዳዳ እንደተዘጋ፣ የትኛው ጥርስ እንዳለቀ አስቀድሞ ይናገራል፤ ሴንሰሩ አንድን ዕቃ ከማስወጣቱ በፊት ምን ያህል እርግጠኛ መሆን እንዳለበትም ይወስናል።

ይሁንና ማሽኑ የማያየው ብዙ ነው። በካርቦን የጠቆረ ፕላስቲክ የኢንፍራሬዱን ጨረር ስለሚውጠው ከሴንሰሩ ዓይን ይሰወራል። በወጥና በአፈር የተለወሰ ዕቃ መልኩ ይደበዝዛል። ሁለት ዕቃ ሲደራረብ የሚታየው የላዩ ብቻ ነው። ከፎቶግራፍ የተማረው ሶፍትዌርም የሚያውቀው የታየውን ቆሻሻ ነው። የኮሎኝን ወይም የዴንቨርን መያዣ ሲያይ ያደገ ሶፍትዌር በዘይት የራሰ ማዳበሪያ፣ የተጨማደደ ፌስታል፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትራፊ ሲመጣበት በግምት ይሠራል። ጉድለቱ የሚታረም ነው፤ የሚታረመው ግን የአገሬውን ቆሻሻ በሚያውቁ ሰዎች ምልክት የተደረገባቸው ሥዕሎች ሲሰጡት ነው። እነዚያ ሰዎች ማን እንደሆኑ ወደ ኋላ ይመጣል።

ቁጥሩ ፖሊሲ ነው

ሙግቱ ያለው በእርግጠኝነቱ ልክ ላይ ነው። ለማስረዳት ያህል ብቻ፣ በቀበቶው ላይ 100 ኪሎግራም የውኃ ጠርሙስ ከሌላ ቆሻሻ ጋር ተደባልቆ ያልፋል እንበል። ማሽኑ ትንሽ በተጠራጠረ ጊዜም እንዲያስወጣ ቢታዘዝ 90 ኪሎግራሙን ያገኛል፤ ከዚያ ጋር ግን 15 ኪሎግራም ባዕድ ነገር ይገባል፤ የጥቅሉ ጥራት 86 በመቶ ገደማ ይሆናል። እርግጠኛ ሲሆን ብቻ እንዲያስወጣ ቢታዘዝ 70 ኪሎግራም ጠርሙስና 2 ኪሎግራም ባዕድ ነገር ያወጣል፤ ጥራቱ ወደ 97 በመቶ ያድጋል። ነገር ግን 30 ኪሎግራም ጠርሙስ ሳይነካ ወደ መጨረሻው ክምር ያልፋል። መሣሪያው ያው ነው፤ ሶፍትዌሩም ያው ነው። የተለወጠው አንድ ቁጥር ነው።

ያንን ቁጥር ወዴት መግፋት እንደሚሻል ማሽኑ አያውቅም፤ የሚነግረው የክፍያው ውል ነው። አንቀሳቃሹ የሚከፈለው በሚያስተናግደው ቶን ከሆነ ቀበቶው ይፈጥናል፣ ክምሩ ይወፍራል፣ ልየታውም ይደክማል። የሚከፈለው በሚሸጠው ጥቅል ዋጋ ከሆነ ዋጋ ያለውን ጥቂት ነገር አጥርቶ ያወጣና ሌላውን ይተወዋል። የሚከፈለው በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ፕላስቲክ ከሁሉ የተሻለ የሚነድ ነገር ስለሆነ ጠርሙሱን ከእሳቱ ለማዳን ምንም ምክንያት አይኖረውም። ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ቁጥጥር ይህን ዝንባሌ አያርመውም፤ እንዲያውም ያጠናክረዋል። የተሰጠውን ግብ ቀንና ሌሊት ሳይታክት የሚያሳድድ ነውና፣ ግቡ የተጣመመ ከሆነ ጥመቱንም በትጋት ይፈጽማል።

ስለዚህ «ማሽኑ ስንት በመቶ በትክክል ይለያል?» የሚለው የሻጮች ማስታወቂያ ጥያቄ ብቻውን ትርጉም የለውም። የሚጠየቀው «ከምን ከምን? ለማን ጥቅም? የቀረውስ ወዴት ይሄዳል?» ተብሎ ነው።

ቻይና በሯን ስትዘጋ

የመለያ መስመር ልክ በቴክኒክ ብቻ እንደማይወሰን ዓለም ያየው በቅርቡ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ለብዙ ዓመታት ወረቀታቸውንና ፕላስቲካቸውን በግማሽ እየለዩ ወደ ቻይና ይልኩ ነበር። የአሜሪካ ከተሞች ነዋሪው ሁሉንም በአንድ መያዣ እንዲጥል የፈቀዱት ልየታውን ፋብሪካው ይሠራዋል በሚል እምነት ነበር። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ አንሥቶ 24 ዓይነት ቆሻሻዎች እንዳይገቡ ከለከለች፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ደግሞ በሚፈቀዱት ላይ የባዕድ ነገር መጠን ከ0.5 በመቶ እንዳያልፍ ደነገገች። የአሜሪካ መለያ ፋብሪካዎች ቀበቷቸውን ማቀዝቀዝ፣ ተጨማሪ ሠራተኛ መቅጠርና ሴንሰርና ሮቦት መግዛት ግድ ሆነባቸው። አንዳንድ ከተሞች መልሶ የመጠቀም አገልግሎታቸውን እስከ ማቋረጥ ደረሱ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ልኩን ያወጣው ገዢው መንግሥት እንጂ የማሽኑ መሐንዲስ አልነበረም፤ ማሽኑ የተከተለው ሕጉን ነው። ሁለተኛው፣ ከምንጩ የተደባለቀን ነገር በመጨረሻው ጫፍ ላይ ለማጥራት የሚወጣው ወጪ ለሀብታም አገርም ከባድ ነው። ገንዘብ፣ መንገድ፣ የማይቋረጥ መብራትና የሰለጠነ ጥገና ያላቸው ከተሞች ያልተወጡትን ነገር የውጭ ምንዛሪ እየለመነ መለዋወጫ የሚያስመጣ ከተማ በተሻለ ይወጣዋል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።

አዲስ አበባ፦ እርጥብ ቆሻሻና እሳት

አዲስ አበባ በዚህ ጉዳይ ላይ የከፈለችው ዋጋ ከባድ ነው። ከተማዋ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆሻሻዋን በቆሼ ስትከምር ኖረች። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተ፤ ሆኖም የአካባቢው አርሶ አደሮች መሬታችንና ውኃችን ተበከለ ብለው ስለተቃወሙ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ቀበረ። ብዙዎቹ በክምሩ ግርጌ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ድሆች ነበሩ፤ በመካከላቸውም ከቆሼ ለቅመው የሚያድሩ ነበሩ። አገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች።

ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ከዚያው ክምር አጠገብ የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። ዕቅዱ በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ ማቃጠል ነበር። በአፍሪካ የመጀመሪያው ተብሎ ተወደሰ። ከውዳሴው በስተጀርባ ግን ቀላል የፊዚክስ ጥያቄ ነበር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1999 ለውሳኔ ሰጪዎች ባወጣው መመሪያ፣ ለማቃጠያ የሚቀርብ ቆሻሻ ዓመታዊ አማካይ የሙቀት አቅሙ በኪሎግራም ቢያንስ 7 ሜጋጁል እንዲሆን፣ በየትኛውም ወቅት ከ6 እንዳይወርድ ይመክራል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ደግሞ አብዛኛው የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊና አመድ ነው፤ በክረምት ዝናቡ ይጨመርበታል። ውኃ ለማትነን የሚባክነው ሙቀት ኤሌክትሪክ አይሆንም።

ብልህ መለያ መሣሪያ ከማቃጠያ በፊት ሲገጠም ይህን ችግር በሁለት መንገድ ሊፈታው ይችላል። አንደኛው መንገድ እርጥቡን ለይቶ ለብስባሽ ማዳበሪያ ማዋል፣ ጠርሙሱንና ካርቶኑን ለፋብሪካ መስጠት፣ ሌላ ጥቅም የሌለውን ደረቅ ነገር ብቻ ማቃጠል ነው። ሁለተኛው መንገድ ፕላስቲኩንና ካርቶኑን ሁሉ ለእሳቱ መሰብሰብ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ከቆሻሻ የሚገኘው ሀብት ለብዙ እጅ ይከፋፈላል፤ በሁለተኛው በአንድ ጭስ ማውጫ ይወጣል። ሁለቱንም መሥራት የሚችለው አንድ ዓይነት መሣሪያ ነው። የማይለየው መሣሪያውን፣ የሚለየው ትእዛዙን መመልከት ያስፈልጋል።

ከማሽኑ በፊት የነበረው መለያ

የመሣሪያው አቅራቢዎች አዲስ አበባ ልየታ የሌለባት ከተማ እንደሆነች አድርገው ይናገራሉ። ሐሰት ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየተጣራ ብረትና ጠርሙስ ይገዛል። ልዋጭ ነጋዴው አሮጌ ልብስና ጫማ በሳህንና በኩባያ ይለውጣል። ሕፃናትና ሴቶች ሃይላንዱን ከመንገድ ለቅመው በማዳበሪያ ሞልተው ለሰብሳቢ ያስረክባሉ። ምናለሽ ተራ የተጣለውን ቆርቆሮ ምድጃ፣ የተጣለውን በርሜል ምጣድ ያደርገዋል። የቆሼ ለቃሚዎች ደግሞ ሌላው ሁሉ አልፎ የተወውን በዓይናቸው ለይተው ያወጣሉ። ይህ ሥርዓት ማንም ያልነደፈው፣ ማንም በጀት ያልመደበለት ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ሺህ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ የከተማዋን ክምር ያለ ክፍያ ሲያቀልም ኖሯል።

ማሽኑ በተገጠመ ማግስት ቀድሞ የሚወስደው ደግሞ እነዚሁ ሰዎች የሚኖሩባቸውን ዕቃዎች ነው። ጠርሙሱ፣ ቆርቆሮው፣ አሉሚኒየሙ ለሴንሰርም ለለቃሚም ቀላልና ውድ ናቸው። ለቃሚው ካሳም ድርሻም ሳያገኝ ከግቢው ይባረራል፤ አጥሩ «ደኅንነት» በሚል ስም ይታጠራል። በመኖሪያ ሰፈር የሚሰበስቡት ማኅበራት በሚሰበስቡት መጠን ስለሚከፈላቸው ለይቶ ማምጣት አይጠቅማቸውም፤ ማሽኑ ሲመጣም «እሱ ይለየው» የሚል ምክንያት ያገኛሉ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የቤተሰብ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ ያዝዝ ነበር። ትእዛዙ በወረቀት የቀረው ለይቶ ለሚያስረክብ ሰው የተለየ መያዣም የተለየ ክፍያም ስላልነበረ ነው። ይህን ቀዳዳ ማሽን አይደፍነውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«በእጅ መለየት ክብረ ነክና አደገኛ ነው፤ ሰውን ከዚያ ማውጣት ይገባል» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት አለበት። መርፌ ይወጋል፤ ብርጭቆ ይቆርጣል፤ የሚፈርስ ክምር ይገድላል። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የመለያ መስመሮች ላይ ከሚቆሙት ብዙዎቹ ስደተኞች ናቸው፤ የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎችም ሥራው ምን እንደሚመስል የሚያውቁ ይኖራሉ። በቆሻሻ ውስጥ የሚጣለው የሊቲየም ባትሪ የሚያስነሣው እሳት በእነዚያ ፋብሪካዎች የዘወትር ሥጋት ሆኗል። አደገኛውን ሥራ ማሽን ይውሰደው። ነገር ግን ሰውን ከአደጋ ማውጣትና ሰውን ከገቢ ማውጣት አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ፈጽሞ የመጀመሪያውን ፈጸምኩ የሚል ሁሉ የለቃሚውን ክብር ለራሱ ሒሳብ መሸፈኛ እያደረገው ነው።

«ድሃ ከተማ ለቃሚን በሥርዓት ማካተት አትችልም» የሚልም አለ። ተችሏል። በኮሎምቢያ ቦጎታ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ለለቃሚዎች ከበየነ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያስረከቡት በሚዛን እየተለካ ለአገልግሎታቸው ይከፈላቸዋል። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ብሔራዊ የደረቅ ቆሻሻ ሕግ ለቃሚዎችን የሥርዓቱ አካል አድርጋ ዕውቅና ሰጥታለች፤ ሳኦ ፓውሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ትልልቅ የሜካኒካል መለያ ፋብሪካዎችን ስትከፍት የለቃሚዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሥራው እንዲገቡ ተደርጓል። ሴንሰርና ኅብረት ሥራ ማኅበር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር እንደሚችሉ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

«የቁጥጥሩ ሶፍትዌር የኩባንያው የንግድ ምስጢር ነው» የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ኮዱ ምስጢር ሊሆን ይችላል፤ ግቡ ግን አይሆንም። መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ የማሽኑን ንድፍ አይገልጥ ይሆናል፤ የአስፋልቱን ውፍረት ግን አይደብቅም። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከጥር 20 ቀን 2027 ጀምሮ ተፈጻሚ በሚሆነው የማሽኖች ደንቡ፣ በመማር ባሕርያቸውን የሚለውጡ የደኅንነት ክፍሎች በገለልተኛ ሦስተኛ ወገን እንዲመረመሩ ያዝዛል። አውሮፓ ለራሱ ሠራተኛ የጠየቀውን ጥበቃ አዲስ አበባ ለራሷ ብትጠይቅ ድፍረት አይደለም።

በውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

1. ከማሽኑ በፊት እርጥቡ ይለይ። የመለያ መሣሪያ ግዢ የሚፈቀደው ቢያንስ በመሣሪያው ክልል ውስጥ ባሉ ወረዳዎች እርጥብና ደረቅ ቆሻሻ ለየብቻ መሰብሰብ ከተጀመረ በኋላ ይሁን። የሰብሳቢ ማኅበራት ክፍያም ለይተው ላመጡት ከፍ፣ ደባልቀው ላመጡት ዝቅ ይበል።

2. ግቡ በአደባባይ ይወሰን። የሚፈለገው ጥራት፣ መገኘት ያለበት መጠንና ወደ እሳት ሊሄድ የሚችለው የፕላስቲክ ጣሪያ በውሉ በቁጥር ይስፈሩ፤ ለሕዝብም ይገለጡ። ቁጥሩን መለወጥ የሚችለው የከተማው ኃላፊ አካል ብቻ ይሁን፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጠው በመሣሪያው መዝገብ ይቀመጥ።

3. መረጃው የከተማው ይሁን። መሣሪያው በየዕለቱ ምን እንዳወጣ፣ ምን እንዳሳለፈ፣ ስንት ጊዜ እንደቆመ የሚያሳየው መዝገብ የከተማው ንብረት ሆኖ በየሦስት ወሩ ይታተም። ሶፍትዌሩ በአዲስ አበባ ቆሻሻ ሥዕል ከሠለጠነ ያ ሥዕል ያለ ክፍያ ወደ ውጭ አይውጣ።

4. ለቃሚዎች ባለድርሻ ይሁኑ። ከግዢው በፊት ይመዝገቡ፤ በኅብረት ሥራ ይደራጁ። የቀጥታ ሥራ ቅድሚያ፣ ከሚሸጠው ጥቅል ድርሻና ላስረከቡት በሚዛን ክፍያ በውሉ ይረጋገጥላቸው። ሶፍትዌሩን በማስተማር ሥራም ዕቃውን በዓይን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና ይቀጠሩ።

5. መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ይታወቅ። ኃይል ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ መሣሪያው በደኅና ቆሞ በእጅ መሥራት የሚቻልበት ስልት ይኑረው። የታነቀ ቀበቶ የሚያጸዳ ሠራተኛ ኃይሉን ራሱ ቆልፎ እንዲገባ ይደረግ። የአምስት ዓመት መለዋወጫና የአገር ውስጥ ባለሙያ ሥልጠና በዋጋው ውስጥ ይካተቱ፤ የርቀት መቆጣጠሪያ ቁልፉም በአምራቹ እጅ ብቻ አይሁን።

6. ክፍያው በውጤት ይሁን። አንቀሳቃሹ የሚከፈለው ባስገባው ቶን ሳይሆን ከመቀበርና ከመቃጠል ባዳነው ቶን ልክ ይሁን።

በውጭ ለሚኖረው ባለሙያ

ከኢትዮጵያ ውጭ ያለው ባለሙያ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ድርሻ ገንዘብ ከመላክ ያልፋል። በጀርመን፣ በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በስካንዲኔቪያ በቁጥጥር ሥርዓት፣ በአካባቢ ሕግና በመንግሥት ግዢ ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። እንዲህ ያለ ውል ምን መምሰል እንዳለበት፣ ሻጭ ምን እንደሚደብቅ፣ የዋስትና አንቀጽ የት ላይ እንደሚላላ ያውቃሉ። ለአገራቸው ቴክኖሎጂ እንዲያስተዋውቁ ሲጋበዙ በመጀመሪያ ረቂቅ ውሉን ይጠይቁ፤ የግቡን ቁጥርና የለቃሚዎችን አንቀጽ ይፈልጉ። ሁለቱ ከሌሉበት ስማቸውን አያውሱ።

ቆሼ በተናደ ጊዜ ከተቀበሩት መካከል ለከተማይቱ ቆሻሻ ሲለዩ የኖሩ ነበሩ። በዚያው ስፍራ የሚተከል መሣሪያ መጀመሪያ ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ ስንት ቶን በሰዓት እንደሚለይ አይደለም፤ የእነዚያ ሰዎች ልጆች በውሉ በየትኛው አንቀጽ እንደተጠቀሱ ነው።